ገቩርትስትራሚነር፦ አፍንጫ ጣፋጭ ሲለው ምላስ መራራ የሚለው ለምንድን ነው?

ቀይ_አፍቃሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የቀይ ወይን ሰው ነኝ። ነጭ ሲቀዳልኝ አብዛኛውን ጊዜ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስለኛል፤ አትፍረዱብኝ። ሰሞኑን ግን ገቩርትስትራሚነር የሚባል ነጭ ቀምሼ ግራ ገባኝ። ብርጭቆው አፌ ጋ ሳይደርስ ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ጽጌረዳ፣ ላይቺ የሚባለው ፍሬ፣ ከኋላ ደግሞ ዝንጅብል ነገር። በቃ፣ ስኳር ሊሆን ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ጎንጨት ስለው ስኳር የለም! ጭራሽ መጨረሻው ላይ ይመራል።

ከዚያ የሌላ አምራች ገዛሁ። ያኛው ደግሞ እውነትም ጣፋጭ ነው። ስሙ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ። ሁለቱም አልዛስ ይላል።

እንግዲህ ሽታው ተጨምሮበት ነው? ምሬቱስ የብልሽት ነው? ጣፋጭ ይሁን ድራይ (ስኳር የሌለው) ሳይከፈት የሚታወቅበት መላ ካለም ንገሩኝ።

ቡሽ_ሰብሳቢ

አልተጨመረበትም ወንድሜ። በአውሮፓ ሕግ ሽታና ጣዕም የተጨመረበት መጠጥ ሌላ ምድብ ነው፤ ተራ ወይን ተብሎ አይሸጥም። የሸተተህ ሁሉ ከፍሬው የመጣ ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ ገቩርትስ እንለዋለን፤ አንተም እንደዚያ በለው፣ ምላስህን ያሳርፋል።

ሪስሊንግ_ብቻ

ሽቶ ነው ባትሉኝም ለእኔ ሽቶ ነው። አንድ ብርጭቆ ደስ ይላል፤ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል። አሲድ የለው፣ ሕይወት የለው። አልኮሉ ደግሞ 14 በመቶ ይደርሳል። ሰው ለምን እንደሚያጋንነው አይገባኝም።

ኬሚስቷ

ሪስሊንግ ብቻ፣ አንተ ቆይ፤ ወደ አንተም እመጣለሁ። መጀመሪያ ለጠያቂው።

የወይን ፍሬዎች ተርፒን የሚባሉ የሽታ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። አበባና ቅመም ውስጥ የምናገኛቸው ናቸው። አብዛኞቹ የወይን ዝርያዎች የያዙት መጠን ትንሽ ስለሆነ አፍንጫ አይለየውም። የሙስካት ቤተሰብ በሊትር እስከ 6 ሚሊግራም ይደርሳል። ገቩርትስ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም ከሚይዙት መዓዛማ ዝርያዎች መሃል ነው። ከነሱም ጄራኒኦልና ሲትሮኔሎል ይበዙበታል። ሁለቱም ጽጌረዳ ውስጥ ያሉ ናቸው። ጽጌረዳ ሸተተኝ ስትል አፍንጫህ አልቀጠፈም።

ዋናው ጉድ ግን ሮዝ ኦክሳይድ ነው። በተለይ ሲስ የሚባለው ቅርጹ። በሊትር አንድ ማይክሮግራም እንኳ ሳይሞላ አፍንጫ ይለየዋል። ማይክሮግራም ማለት የሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። ላይቺም ሽታዋን ያገኘችው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላይቺን ፍሬና ገቩርትስን ጎን ለጎን መርምረው የሚጋሯቸው ብዙ የሽታ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አሳይተዋል፤ ሲስ ሮዝ ኦክሳይድም ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ «ላይቺ ይሸታል» የሚሉት ቀማሾች እያሽሞነሞኑ አይደለም። ቃል በቃል ያው ነገር ነው።

ጣፋጭ መስሎህ ድራይ የሆነብህ ነገር ደግሞ የአእምሮ ሥራ ነው። ሕይወትህን ሙሉ ጽጌረዳና የበሰለ ፍሬ የሸተተህ ከስኳር ጋር ነው። አእምሮህ ሽታውን ሲያገኝ ስኳሩን ቀድሞ ይጠብቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። አፍንጫህን በጣትህ ጨምቀህ ጎንጨት አድርግ። ምላስህ ላይ የቀረው ጣፋጭነት የእውነት ስኳር ነው። አፍንጫህን ስትለቅ የሚመጣው ሽታው ነው።

ቀይ_አፍቃሪ

አሁኑኑ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ሁሉም ነገር ጠፋ፤ የቀረው ሞቅ ያለ አልኮልና ምሬት ብቻ ነው። ጣቴን ስለቅ አበባው በጉሮሮዬ በኩል ተመለሰ። ይገርማል። ሁለተኛው ላይ ግን አፍንጫዬ ተዘግቶም ጣፋጭ ነው።

ምሬቱስ?

አልዛስ_ለቃሚ

እኔ ልመልስ፤ ለቀማ ሠርቼበታለሁ። ከኮልማር ወጣ ብሎ ባሉት መንደሮች ነበር። አገሩን ለማታውቁት፣ አልዛስ በምሥራቅ ፈረንሳይ ከጀርመን ድንበር ጋር የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው። በምዕራብ የቮዥ ተራሮች አሉ። ዝናቡን እነሱ ያስቀሩታል። ኮልማር ከፈረንሳይ ደረቅ ከተሞች አንዷ የሆነችውም ለዚህ ነው። የመከር ወቅቱ ረጅምና ፀሐያማ ይሆንላታል፣ ፍሬውም ዛፉ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ይበስላል።

መጀመሪያ ዘለላውን ሳየው የተሳሳተ ረድፍ ያስገቡኝ መሰለኝ። ነጭ ወይን የሚወጣው ፍሬ አረንጓዴ ወይ ቢጫ አይደለም እንዴ? ገቩርትስ ግን ሮዝ ነው። ሲበስል ደግሞ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል፤ አንዳንዱ ጎኑ ሐምራዊ፣ አንዳንዱ ጎኑ መዳብ ይመስላል። ዘለላው ትንሽ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ መቀስ ለማስገባት ቦታ የለም። የዘለላው ማንጠልጠያ አጭር ስለሆነ ጣት የሚቆረጠው እሱ ላይ ነው። ሌላው ዝርያ ላይ ቅርጫት ሲሞላ እኛ ገና ግማሽ ነበርን።

አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። መጀመሪያ ጣፋጭ ውሃ ነው። ወዲያው ሽታው በአፍንጫ ይወጣል። ከዚያ ልጣጩን ማኘክ ስትጀምሩ ወፍራም ነው፣ ድዳችሁን ይዞ ያደርቃል፣ ይመራል። ጠያቂው የቀመሰው ምሬት ይሄ ነው። ከልጣጩ ነው የመጣው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኬሚስቷ ያለችው ሽታ አብዛኛው የሚገኘው ልጣጩ ውስጥና ልጣጩ ሥር ነው። ሽታውን ልውሰድ ያለ ሰው ጭማቂውን ከልጣጩ ጋር ትንሽ ሰዓት ማቆየት አለበት። ባቆየው ቁጥር ደግሞ ምሬቱም አብሮ ይመጣል። ቀለሙም እንደዚያው። ከመጭመቂያው የሚወጣው የመጀመሪያ ጭማቂ ሐመር ወርቅ ነው። መጭመቂያው ሲጠብቅ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ጓዳ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ ከቧንቧው በብርጭቆ እየቀዱ ይቀምሱ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ሌላ ጋን ይሄዳል። ምንም መሣሪያ አይመለከቱም።

ቀይ_አፍቃሪ

ታዲያ ምሬቱ ጥፋት ነው ማለት ነው? ሽታውን ፍለጋ ሲሄዱ ሳይፈልጉት የመጣ?

ጋሽ_ጠርሙስ

ልጄ፣ በፍጹም ጥፋት አይደለም። ብዙ ዓመት በምግብ ቤት ወይን ሳስተናግድ ኖሬያለሁና የሚመስለኝን ልንገርህ።

ለገቩርትስ ሽታ ማንም ይማረካል። ርካሹም ይሸታል፣ ውዱም ይሸታል። ላይቺና ጽጌረዳ ብቻ ብትፈልግ በጣም ርካሹን ግዛና ተገላገል። ጥሩውን ከተራው የሚለየው ከዋጥከው በኋላ ያለው ነገር ነው።

ሪስሊንግ ብቻ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ይህ ዝርያ አሲዱ አነስተኛ ነው። ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ጥሩው በሊትር 7 ወይም 8 ግራም አሲድ ሲይዝ ገቩርትስ ብዙ ጊዜ 4ና 5 ላይ ነው። ወይንን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አሲድ ነው። አሲድ ሲያንስ፣ አልኮሉ ከፍ ሲል፣ ሽታው እንዲህ ሲበዛ ወይኑ አፍ ውስጥ ይዘረጋል። ዘይት ይመስላል። ቅባትነት አለው። አንተ የሰለቸህም ይሄ ነው፣ ሪስሊንግ ብቻ።

ታዲያ ምን ይያዘው? ምሬቱ ነው የሚይዘው። በልክ የሆነ ምሬት መጨረሻው ላይ መጥቶ ያንን ሁሉ ሽታ ይቆርጠዋል፣ አፍ ያጸዳል፣ ቀጣዩን ጉንጭ ያስመኛል። ለቀይ ወይን አፍ የሚያደርቀው ታኒን እንደሚሠራለት ማለት ነው። ምሬቱን ሙሉ በሙሉ ያወጡለት ገቩርትስ አለ፤ አጣርተው፣ አለስልሰው፣ ትንሽ ስኳር ትተውበት። የመጀመሪያ ጉንጩ ሸጋ ነው፣ ከዚያ ግን አይወርድም።

በዛ ያለ ምሬትም አለ፤ ምላስ ሥር ቀርቶ የሚያቃጥል። ያኛው መጭመቂያውን ያላግባብ ያጠበቁት ነው። ልጄ አልዛስ ለቃሚ የነገረችን ሽማግሌ እጃቸውን ሳያነሱ ቢቀሩ የሚሆነው እሱ ነው።

አንተ የቀይ ወይን ሰው ሆነህ ይሄ ወይን ዓይንህን የሳበው ለዚህ ይመስለኛል። ሽታው ሳይሆን ጅራቱ ነው የያዘህ።

ሪስሊንግ_ብቻ

ጋሼ እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ። ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ምሬት አሲድን ይተካል ማለት ይከብደኛል። አሲድ ወይኑን ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳል። ምሬት ግን መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ መሃሉ ባዶ ይቀራል። እኔ ከቀመስኳቸው ገቩርትሶች አብዛኞቹ መሃል ላይ ይተኛሉ።

ጋሽ_ጠርሙስ

መሃሉ ላይ ልክ ነህ። ለዚያ መፍትሔው ቦታውና የለቀማው ቀን ነው እንጂ ጓዳው አይደለም። ሞቃት ቦታ ላይ ስኳሩ ይሮጣል፣ አሲዱ ይወድቃል፣ ሽታው ገና ሳይደርስ። ያኔ አምራቹ ሁለት ክፉ ምርጫ ይጠብቀዋል። ቀድሞ ከለቀመ ሽታ የሌለው ነጭ ይወጣዋል። ከጠበቀ አልኮሉ 15 ደርሶ አሲድ አልቆ ያገኘዋል። ስለዚህ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ አገር ነው የሚሻው።

አልዛስ_ለቃሚ

ቀዝቃዛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው ጋሼ። ገቩርትስ ፀደይ ላይ ቀድሞ ነው የሚያቆጠቁጠው። ሌሎቹ ገና ተኝተው እያለ እሱ ቡቃያውን ያወጣል፤ የሚያዝያ ውርጭ ሲመጣም መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ገበሬዎቹ ይወዱታልም ያማርሩታልም።

ሥርወ_ወይን

ስለ ዘሩ ማንም ሳያነሳ ልታልፉ ነው? ይሄ እኮ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ነው።

ትራሚን የምትባል መንደር አለች፤ በሰሜን ጣልያን አልቶ አዲጄ ውስጥ። ጣልያኖቹ ቴርሜኖ ይሏታል፤ ሕዝቡ ጀርመንኛም ይናገራል። ትራሚነር የሚለው ስም ከሷ ነው። ትራሚነር ደግሞ በዘረመል ምርመራ ሲታይ ከሳቫኛ የተለየ ዝርያ አይደለም። አዎ፣ ያው ፈረንሳይ ዡራ ውስጥ ቫን ዦን የሚባለው ወይን የሚሠራበት ሳቫኛ! በበርሜል ውስጥ ከስድስት ዓመት በላይ ከአየር ጋር ቆይቶ ለውዝ ለውዝ የሚለው ያ ኮስታራ ወይን። ነጩ ሳቫኛ በሆነ ጊዜ ልጣጩ ሮዝ ሆነ። ከሮዙ ደግሞ ሽታው የፈነዳ ሌላ ለውጥ መጣ። እሱ ነው ገቩርትስ። የዘረመል ሰዎች ምክንያቱን ተርፒን በሚመረትበት መንገድ ላይ ያለ ዲኤክስኤስ የሚባል ጂን ላይ አግኝተውታል።

ሳቫኛ ደግሞ ተራ ዘር አይደለም። ሶቪኞን ብላንክ፣ ሸናን ብላንክ፣ ሲልቫነር፣ ግሩነር ቬልትሊነር ሁሉም የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ፒኖ ከሚባለው የወይን ዝርያ ጋርም የወላጅና የልጅ ዝምድና አለው።

ሽታ የሌለው ሮዝ ወንድሙ ዛሬም አልዛስ ውስጥ አለ። ሃይሊገንሽታይን የምትባል መንደርና አካባቢዋ ክሌቬነር ደ ሃይሊገንሽታይን እያሉ ይሸጡታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያገኘ ይቅመስ። ሰውነታቸው አንድ ነው፤ ያ ቅባትነት፣ ያ ዝቅ ያለ አሲድ። ሽታው ግን የለም። ያኔ ገቩርትስ ላይ ሽታው ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ይገባችኋል።

ቀይ_አፍቃሪ

የጣፋጩን ጉዳይ አልረሳሁትም፤ አንድ ሰው ይመልስልኝ።

ቡሽ_ሰብሳቢ

አልዛስ ለብዙ ዓመት በዚህ ጉዳይ ሰው አስለቅሳለች። የጠርሙሱ ቅርጽ አንድ፣ ያው ረጅም ቀጭን። ጽሑፉ አንድ። ውስጡ ግን እንደ አምራቹ ፍላጎት። ከ2021 ምርት ጀምሮ ግን የጣፋጭነት ደረጃውን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ሆኗል። ሴክ ካለ ድራይ ነው፤ ስኳሩ በሊትር እስከ 4 ግራም፣ አሲዱ ከፈቀደ እስከ 9። ደሚ ሴክ ከ4 እስከ 12። ሞለው ከ12 እስከ 45። ዱ ከ45 በላይ። አንዳንዱ በቃል ፋንታ መስመር ስሎ ቀስት ያመለክታል።

ጠርሙስህ ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነ አልኮሉን እየው። ይሄ ፍሬ ሲለቀም ስኳሩ ብዙ ነው። ስኳሩ ሁሉ ፈልቶ ካለቀ አልኮሉ 14 አካባቢ ይሆናል። 12 ተኩል ወይ 13 ካየህ የቀረው ስኳር ውስጡ አለ ብለህ ጠርጥር። ሁሌም አይሠራም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ቫንዳንዥ ታርዲቭ የሚል ካየህ ዘግይቶ የተለቀመ ነው። ሴሌክስዮን ደ ግረን ኖብል ካየህ ደግሞ ቦትሪቲስ የሚባለው ሻጋታ ያጠወለገው ፍሬ እየተመረጠ የተሠራ ነው። ሁለቱም በፈረንጆች 1984 በወጣ ደንብ የተወሰኑ ናቸው።

ኬሚስቷ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቦትሪቲስ ስኳሩን ያጠናክረዋል፣ ተርፒኖቹን ግን ይበላቸዋል። ለዚህ ነው የግረን ኖብል ገቩርትስ ከላይቺ ይልቅ ማር፣ የደረቀ አፕሪኮትና የብርቱካን ልጣጭ የሚያስታውሰው። ጽጌረዳ ፈልጎ በጣም ውዱን የሚገዛ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል።

ቀይ_አፍቃሪ

የኔው ሁለተኛ ጠርሙስ በትንሽ ፊደል ሞለው ይላል! ጥግ ላይ። ማን ያየዋል እንደዚያ ተጽፎ።

ዝምተኛው

ማንበብ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ግን ስለ አልቶ አዲጄ ማንም በደንብ አላነሳም። የቀይ ወይን ሰው ከሆንክ እዚያ ጀምር። አብዛኛው ድራይ ነው። ወይኖቹ ከአልዛሱ ቀጠን ይላሉ፣ ጥርት ይላሉ። ቀን ሙቀት አለ፣ ማታ ከአልፕስ ቅዝቃዜ ይወርዳል። ትራሚን ራሷ ውስጥ ያለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ኑስባውመር የሚባል ገቩርትስ ያወጣል፣ የአካባቢው መለኪያ ተደርጎ ይታያል።

ይሄው ኅብረት ሥራ ኤፖካሌ የሚባልም አለው። ጠርሙሶቹ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ የድሮ ማዕድን ማውጫ ዋሻ ውስጥ ነው ዓመታት የሚቆዩት። የ2009 ምርቱ ከወይን አድቮኬት መጽሔት 100 ከ100 ነጥብ አገኘ፤ ለጣልያን ነጭ ወይን የመጀመሪያው ነበር። ጣፋጭ ነው እሱ ግን፣ አትታለሉ።

ሪስሊንግ_ብቻ

ነጥብ ላይ ከገባን እኔ ልሂድ።

ዝምተኛው

ነጥቡን ተወው፤ ዋሻውን ያዝ። አሲዱ ዝቅ ያለ ነጭ አይቆይም የሚባለው ነገር ላይ ጥሩ መልስ ነው።

ሚጥሚጣ_አይችልም

በየመጽሔቱ «ገቩርትስ ለሚያቃጥል ምግብ» ይላሉ። ልክ ነው? እኔ ሞክሬ አፌ ነደደ።

ጋሽ_ጠርሙስ

አብዛኛው ጊዜ ልክ አይደለም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ነው። ከፍ ያለ አልኮል ቃጠሎውን ያባብሰዋል። 14 በመቶ የሆነ ድራይ ገቩርትስ ከበርበሬ ጋር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ትንሽ ስኳር ያለው ከሆነ ይችላል፤ ስኳሩ ያበርደዋል። ሰዎች የሚደባልቁት የሚያቃጥልን ምግብና ቅመም የበዛበትን ምግብ ነው። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ ኮኮናት ካለበት፣ ቃጠሎው ለስለስ ካለ፣ ከሱ የሚስማማ የለም።

በአልዛስ የሚቀርበው ከመንስቴር አይብ ጋር ነው። አይቡ ልጣጩ ብርቱካናማ፣ ሽታው ከበር ላይ የሚቀበል ነው። ሌላ ነጭ ወይን እሱ አጠገብ ድምፁ ይጠፋል። ገቩርትስ ግን ሽታ ለሽታ ይገጥመዋል። ላዩ ላይ ከሙን ጣል ያደርጉበታል፤ ያችን ቅመም ካገኘ በኋላ ወይኑ ሌላ ነገር ይሆናል።

አልዛስ_ለቃሚ

የለቀማ ምሳችን እሱ ነበር ጋሼ! ዳቦ፣ መንስቴር፣ የተቀቀለ ድንች። መኪናው ውስጥ ያ አይብ ካለ መስኮት ከፍቶ መሄድ ነው።

ሚጥሚጣ_አይችልም

ምን ያህል መቀዝቀዝ አለበት? እኔ ከፍሪጅ እንዳወጣሁ ነው የምጠጣው።

ቡሽ_ሰብሳቢ

በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል፣ ምሬቱ ደግሞ ይጎላል። የቀረህ መራራ ቀዝቃዛ ነገር ነው። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። 10 እስከ 12 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከፍሪጅ አውጥተህ ሩብ ሰዓት ጠብቀው። በትንሹ ቅዳ፤ ብርጭቆው ውስጥ ሲሞቅ ሽታው እየተቀያየረ ይሄዳል፣ ደስ የሚለው እሱ ነው።

ሥርወ_ወይን

ገቩርትስ የወደደ ሌላ ምን ይሞክር ለሚል፦ የአርጀንቲና ቶሮንቴስ አለ። የእስክንድርያ ሙስካትና ክሪዮላ ቺካ ተዳቅለው የወጣ ነው፤ ሳልታ ውስጥ ካፋያቴ ዙሪያ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ጥሩ ነው። እሱም ሸትቶ ድራይ በመሆን ሰው ያታልላል፣ አሲዱ ግን ከገቩርትስ ይሻላል። ሪስሊንግ ብቻ፣ ምናልባት ለአንተ እሱ ይሆናል። ቪዮኒዬ የሚባልም አለ፤ ቅባትነቱ ይመሳሰላል፣ ሽታው ግን አፕሪኮት ነው እንጂ ጽጌረዳ አይደለም። ትራሚኔት የሚባል አሜሪካዊ ልጁም አለ፤ ብርድ እንዲችል ከሌላ ዘር ጋር ያዳቀሉት። ዚገርሬበ ደግሞ ጀርመን ውስጥ ከሱና ከማድሌን አንዥቪን የመጣ ነው፤ ለእኔ ሽታው ይበዛል።

ሪስሊንግ_ብቻ

ሽታው ይበዛል ያልከው አንተ? ገቩርትስ ጠጪ?

ሥርወ_ወይን

ቅመሰውና ተመለስ።

ቀይ_አፍቃሪ

እሺ፣ እንግዲህ ቀጣዩን ልምረጥ። ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቢሉኝ?

ጋሽ_ጠርሙስ

ሁለት እልሃለሁ፤ አብረህ ክፈታቸው። አንዱ ዝምተኛው እንዳለው ከአልቶ አዲጄ ድራይ። ሌላው ከአልዛስ ግራን ክሩ፣ ማለትም ምርጥ ተብለው ከተለዩት ማሳዎች፤ ሄንግስት ከሚባለው ማሳ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቪንትዘንሃይም መንደር ላይ ነው፤ አፈሩ ጭቃና ኖራ የተቀላቀለ ነው። እዚያ የሚወጣው ገቩርትስ ወፍራም ነው፣ ለመጀመሪያ ዓመታት ኮስተር ይላል፣ ምሬቱም ጠንከር ያለ ነው። ጎልደርትና ዚንኬፍሌም ጥሩ ናቸው። አልዛስ ውስጥ ግራን ክሩ 51 ናቸው፣ ስም ብቻ አይተህ አትግዛ፤ በመጀመሪያ የጣፋጭነቱን ደረጃ አንብብ። ሄንግስት ሆኖ ሞለው የሆነ ብዙ አለ።

ስትቀምስ ሽታውን ተወው። ውጠህ እስከ አሥር ቁጠር። ምን እንደቀረ እየው።

ሪስሊንግ_ብቻ

ጋሼ፣ ሄንግስት ሴክ የሚል ካገኘሁ እኔም እገዛለሁ። ለመከራከር ያህል። ስንት ዓመት ላስቀምጠው?

ኬሚስቷ

ቃል ስለገባሁልህ እኔ ልመልስ። ተርፒኖች ወይን ውስጥ ባለው አሲድ እየተለወጡ ይሄዳሉ። ጄራኒኦልና ሊናሎኦል ቀስ በቀስ ሽታቸው ደካማ ወደሆነ አልፋ ተርፒኒኦል ይቀየራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከስኳር ጋር ተያይዘው የማይሸቱ ተርፒኖች አሉ፤ ጊዜ ሲሄድ እነሱ ተፈትተው ይወጣሉ። ሁለቱ ይሻማሉ። በመጨረሻ የሚያሸንፈው መጥፋቱ ነው። ሪስሊንግህ ሲያረጅ ቲዲኤን የሚባለው ንጥረ ነገር እየጨመረ ነዳጅ ነዳጅ የሚለውን ሽታ ያመጣለታል። ገቩርትስ እንደዚያ ያለ ማካካሻ የለውም። ሽታው ይቀንሳል፤ የሚመጣው ማር፣ የደረቀ አበባ፣ ቅመም ነው።

ጋሽ_ጠርሙስ

ተራውን በሦስት በአራት ዓመት ጨርሱት። ሄንግስቱን አምስት ስድስት ዓመት ብታስቀምጠው አይቆጭህም። ዘግይተው የተለቀሙትና ግረን ኖብሎቹ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በደንብ ይሄዳሉ፤ ስኳሩ ይጠብቃቸዋል።

ሚጥሚጣ_አይችልም

የተከፈተውስ? ግማሽ ጠርሙስ ተርፎኛል።

ቡሽ_ሰብሳቢ

ክደነውና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። በሁለት ቀን ጠጣው፤ በሦስተኛው ሽታው ይወርዳል፣ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ካመለጠህ ዶሮ ቀቅልበት።